በምላጭ የተከፈተው ኤንቨሎፕ

ኤንቨሎፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ክፈተው ያለኝ አባቴ ነው፣ ምላጩንም ያቀበለኝ ሌላ ሰው ነው፤ ጠርዙን ይዤ የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ውስጥ ያለው ወረቀት እንዳይነካ በጣም ተጠንቅቄ ነበር።

ታላቅ እህቴ ካርቱም ሁለት ዓመት ፋርማሲ ተምራለች። ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ወጥታ ከሚሴ ስትገባ የያዘችው አንድ ቦርሳ ልብስና ሁለት ደብተር ነበር። ትንሽ እንዳረፈች እዚሁ አገር ባለ ዩኒቨርሲቲ ከሦስተኛ ዓመት ልትቀጥል አመለከተች። ሕጉን አብሬያት ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከአስረኛ ክፍል ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ኮምፒውተር ቤት ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ በተበላሸው ወረቀት ጀርባ ደግሞ ግጥም እሞክራለሁ። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ የሚያመልጠኝ አይመስለኝም ነበር።

ሕጉ፣ ውጭ አገር የተወሰደ ትምህርት ለዲግሪው የሚቆጠረው ይዘቱ እዚህ ከሚሰጠው ጋር ሲቀራረብና ውጤቱ ከ«ሲ» ሳያንስ ነው ይላል። ቢያንስ ግማሹ ትምህርት ግን እዚህ መወሰድ አለበት። ትራንስክሪፕቱም ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ በታሸገ ኤንቨሎፕ መምጣት አለበት። ይህችን የመጨረሻዋን አንብቤያታለሁ። እንዴት እንደሚመጣ የምትናገር እንጂ እንዴት እንደሚሰጥ የምታዝ አልመሰለችኝም። ደብዳቤ ሁሉ ታሽጎ አይደል የሚመጣ?

ብዙ ወራት ከጠበቅን በኋላ ኤንቨሎፑ በፖርት ሱዳን በኩል በአንድ ነጋዴ እጅ መጣ። በዚያ ቀን እህቴ ሌላ ማስረጃ ልታወጣ ደሴ ሄዳ ነበር። አባቴ ተቀበለውና ወዳጃ ጠራ። ወዳጃ ጎረቤት ተሰብስቦ ለአንድ ሰው ጉዳይ ዱዓ የሚያደርግበት ነው፤ እኛ ዘንድ ያለ እሱ ትልቅ ነገር አይጀመርም።

«ይኸ የልጄ ልፋት ነው። ዱዓ አድርጉበት» አለ አባቴ፣ ኤንቨሎፑን ዱዓውን በሚመሩት ሸኽ ፊት አስቀምጦ።

«ምን እንዳለበት ሳናውቅ ምን ብለን እንለምን?» አሉ ሸኹ።

ጎረቤታችን የበሬ ነጋዴ ነው። «እኔ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ጥርሱን ያላየሁትን በሬ አልገዛም» አለና ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ ሰጠኝ። አባቴም «ክፈተው» አለኝ።

ወረቀቱ በዐረብኛ የተጻፈ ነበር። ሸኹ የእያንዳንዱን ትምህርት ስም በዐረብኛ እያነበቡ ለአባቴ በኦሮምኛ ተረጎሙለት።

«ኢልሙል አድዊያ፤ የመድኃኒት እውቀት ማለት ነው። ሰማንያ ሁለት።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

አባቴ ማንበብ አይችልም። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ እንደከረመች የሰማው ያን ከሰዓት ነው። በየትምህርቱ ስም አሚን እያለ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። በደካማው ውጤት ላይ እንኳ አሚን አለ።

እህቴ በማግስቱ ስትመለስ ኤንቨሎፑን አነሳችው፤ አፉን አየችና ቁጭ አለች።

«ማን ከፈተው?»

«ምን አጠፋን?» አለ አባቴ።

እሷ ሳይከፈት መሰጠት እንደነበረበት ቀስ ብላ አስረዳችው። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «አብሽር አባ፣ አይዞህ፤ እጠይቃቸዋለሁ» አለችው። እኔን አላየችኝም።

ዩኒቨርሲቲው ድረስ አብሬያት ሄድኩ። የሬጅስትራሩ ሠራተኛ ጎልማሳ ሰው ነው፤ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰው።

«በእጅ ተቀዶ ቢሆን ይሻል ነበር» አለ። «ይኸ የተጠነቀቀ ሰው ሥራ ነው። የተጠነቀቀ ሰው ደግሞ ለምን እንደተጠነቀቀ ይጠየቃል።»

«ወንድሜ ነው የከፈተው» አለች እህቴ።

«ሌላ አስልኪ።»

ሌላ እንዲልኩላት ጻፈች፤ ደወለች። ያን ወረቀት የሰጠው ቢሮ ስልክ አያነሳም፤ ኢሜይሉም ተመልሶ ይመጣል።

አባቴ ይህን ሲሰማ ሸኹንና የበሬ ነጋዴውን ይዞ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ። ወሰን ቢያጋጭ፣ ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ከመሰከረ ነገሩ ያልቃል፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ነው። ሠራተኛው ከሌላ ክፍል ሳይቀር ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው።

«ያነበብኩት እኔ ነኝ» አሉ ሸኹ። «ከዚያ ወዲያ አንድ ፊደል አልተነካም። በአላህ እመሰክራለሁ።»

«አባቶቼ፣ እኔ አምናችኋለሁ። ፎርሙ ላይ ግን የምስክር ቦታ የለም።»

«እንግዲያ ፎርሙን አምጣው፤ ቦታ እንፈልግለታለን» አለ የበሬ ነጋዴው።

ሠራተኛው ሊስቅ ምንም አልቀረው። ምስክርነታቸውን ጽፈው ቢተዉለት ለኮሚቴው እንደሚያቀርብ ነገራቸው። እኔ ጻፍኩት፤ እነሱ ቃሉን ነገሩኝ፣ አሳጠሩት፣ በጣታቸው ፈረሙበት። ከዚያ በፊት ብዙ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያ ወረቀት አንድ ትርፍ ቃል የሌለበት ግን የለኝም።

የኮሚቴው መልስ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጣ። የምስክር ቃል የታሸገ ትራንስክሪፕትን አይተካም። አመልካቿ ከፈለገች ከአንደኛ ዓመት ትጀምር፤ የታሸገው ከደረሰ ጉዳዩ እንደገና ይታያል።

አባቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ «አፉ በይኝ» አላት። እኛ አገር ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው፤ አባት ለልጁ ሲለው ግን ሰምቼ አላውቅም።

«አፉ ብያለሁ አባ» አለች። «ባታስነብበው ኖሮ ምን እንደተማርኩ መቼ ትሰማ ነበር?»

ከአንደኛ ዓመት ልትጀምር የሄደች ቀን ቦርሳዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ሸኘኋት። ቦርሳው ያው ከሱዳን የመጣው ነው። ከሚኒባሱ ውስጥ ሆና «ሳታናግረኝ ልትሸኘኝ ነው?» አለችኝ።

«እታለም፣ ሕጉን አንብቤው ነበር» አልኳት።

«እኔም አብሬህ አንብቤዋለሁ። የአባን ልብ ግን ማናችንም አላሰብንም።» ረዳቱ በሩን ሲስበው ራሷን በመስኮት አወጣች። «ሌላው ኤንቨሎፕ ከመጣ ለአባ ስጠው፤ በእጁ ይያዘው። ምላጩን ብቻ አርቅልኝ።»

እስካሁን አልመጣም። ስልክ ስትደውል አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጡትን ኬሚስትሪ ከዚህ በፊት እንደተማረችው ትነግረኛለች፤ መምህሩ ሲጠይቅ ግን እጇን አታወጣም። አባቴ ከመስጊድ ሲመለስ በኮምፒውተር ቤቱ በኩል ያልፋል። ኤንቨሎፕ ይዤ እንደሆነ እጄን ያያል።