ሰውየው ሲጮህ ጥብሱን አውጪ

አመለወርቅ እንግሊዝኛ አትችልም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በፈረንጅ ዘፈን ጉዳይ ጁባ ውስጥ የእሷን ያህል የተከራከረ ሰው ስለማላውቅ ነው።

ቡሉክ በሚባለው የጁባ ሰፈር የከፍያለው ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች። ሆቴል ስል ፎቅ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን እንደነበሩት የጁባ ሆቴሎች ሁሉ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር የተደረደሩ ኮንቴይነሮች፣ አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ጄኔሬተር ነው። እኔ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበርኩና ከኮንቴይነሮቹ አንዱን ተከራይቼ ስኖር የእጇን በልቻለሁ። ከኮምቦልቻ የመጣች፣ ሰፋ ያለች፣ ስትቆጣ ድስቱ ራሱ የሚፈራት ሴት ነበረች።

የወጥ ቤቱ የጀርባ ግድግዳ ከሐምዱ ሱቅ ጋር ተጣብቋል። ሐምዱ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ሰው ሲያናግረው ጫማውን የሚያይ። ራዲዮ፣ ስፒከር፣ ባትሪና የስልክ ቻርጀር ይሸጣል። ገበያ ለመሳብ ትልቁን ስፒከር ደጅ አውጥቶ ጠዋት ይከፍተዋል፣ ማታ ይዘጋዋል። የሚያጫውተው አንድ ሲዲ ብቻ ነው፤ የድሮ የፈረንጅ ፖፕና ሮክ። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

አመለወርቅ ሥራ በጀመረች ሰሞን በቆርቆሮው ላይ በጭልፋ እየደበደበች ትሳደብ ነበር።

«አንተ ጎረቤት! ጆሮዬ ውስጥ ገብተህ ልትኖር ነው?»

«እሺ እትዬ!» ይላል ሐምዱ ከወዲያ።

ድምፁ ግን አይቀንስም። ኋላ ስንጠይቀው «የምትለውማ መች ይሰማል፤ ስትጮህ እሺ ማለት ይሻላል ብዬ ነው» አለን።

እንዴት እንደተለወጠች አይታወቅም። መጀመሪያ የነቃችው አስተናጋጇ ሰላም ናት። አንድ ቀን የእኔን ምሳ ልትወስድ ገብታ «እትዬ፣ ጥብሱ ደረሰ?» ብትላት፣ አመለወርቅ ከመጥበሻው ቀና ሳትል «ሰውየው ገና አልጮኸም» አለቻት።

«የቱ ሰውዬ?»

«ዝም ብለሽ አድምጪ።»

ሰላም አደመጠች። ከቆርቆሮው ማዶ ጊታሩ ቀስ እያለ ይንጎራጎር ነበር፤ ከበሮው መጣ፤ ከዚያ ዘፋኙ ሰው እንደረገጠው ድመት ጮኸ። አመለወርቅ መጥበሻውን ከከሰሉ ላይ ብድግ አደረገች። «አሁን ውሰጂ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሁላችንም አወቅን። ሽንኩርት የምታቁላላው ረጅሙ፣ ቀዝቃዛው ዘፈን ሲጀምር ነው፤ ያ ዘፋኝ አልቅሶ እስኪወጣለት ድረስ ሽንኩርቱ ይደርቅላታል። እሷም አብራ ታለቅሳለች፤ በሽንኩርቱ ይሁን በዘፋኙ አይለይም። እንቁላል ፍርፍር ደግሞ ጭብጨባ ያለበት ዘፈን ነው። ጭብጨባው ሲጀምር እንቁላሉን ትሰብራለች፣ ሲያባራ ታወርዳለች። ዓርብ ዓርብ ሐምዱ ለጁምዓ ሱቁን ስለሚዘጋ ወጥ ቤቱ ፀጥ ይላል፤ ደግነቱ ዓርብ ጾም ነው፣ ሽሮ ደግሞ ጥቂት ቢቆይም አይቀየምም።

የሚያስቀኝ ነገር ቢኖር ሐምዱ ያንን ጥብስ አንድ ቀን ቀምሶት አለማወቁ ነው። እሱ የእስላም ሥጋ ነው የሚበላው። የከተማው ሰው ሁሉ የሚያወድሰው ጥብስ በእሱ ስፒከር እየተለካ መውጣቱን እሱ ራሱ አልሰማም ነበር።

የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ሊደረግ ከዓመት በላይ ሲቀረው አንድ የመንገድ ሥራ አማካሪ መጣ። ፈረንጅ ነው፤ ለብዙ ወራት የከፈለ ደንበኛ። ኮንቴይነሩ ለሐምዱ ሱቅ የቀረበው ነበረ። ጥቂት ሰነበተና ዓይኑ ቀልቶ ወደ ባለሆቴሉ ወደ ከፍያለው ሄደ።

«እነዚህን ዘፈኖች በወጣትነቴ በየሠርጉ፣ በየመጠጥ ቤቱ ስሰማ ኖሬ ነው የጠላኋቸው። ናይል ድረስ ተከትለውኝ ይመጣሉ?» አለው።

ከፍያለው ደንበኛ የሚያስቀይም ሰው አይደለም። ዝንብ እንኳ ከጠረጴዛ ሲያባርር ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ወዲያው ሐምዱ ዘንድ ሄዶ ለመነው። ሐምዱም ጫማውን እያየ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለና ስፒከሩን ወደ ውስጥ አስገባው።

በማግስቱ የበላሁትን ጥብስ አልረሳውም። ከመኪናዬ ጎማ ጋር ዝምድና ነበረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ጥሬ ነው። ወጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ፍርፍሩ ደርቆ ይሰበራል። ከሁሉም በላይ ያማረረው ያው አማካሪው ነው፤ ጥብሱን እንደ ነፍሱ ይወደው ነበርና።

ከፍያለው አመለወርቅ የታመመች መስሎት ወጥ ቤት ገባ። «ምነው፣ ራስሽን ያምሻል?»

«ጆሮዬን ነው» አለችው። «መቼ እንደማወርድ አላውቅም።»

የሰዓት ችግር መሆኑን ብቻ ተረዳና ዙሪያው በፕላስቲክ አበባ የተዋበ የግድግዳ ሰዓት ገዝቶ ሰቀለላት። ሙያዋ ግን አልተመለሰም።

«ጋሼ ከፍያለው፣ ሰዓት እኮ አይናገርም። ዓይኔን ከድስቱ አንስቼ እሱን ሳይ ነው የሚያርርብኝ።»

በመጨረሻ ሽርጧን እንዳሸረጠች በዋናው በር ዞራ ሐምዱ ሱቅ ገባች። ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ ፊት ለፊት የተያዩት ያን ቀን ነው። ሐምዱ ልትደበድበው የመጣች መስሎት ከባንኮኒው ኋላ አፈገፈገ።

«ዘፈን ፈልጌ ነው» አለችው።

«የትኛውን እትዬ?»

ስሙን የት ታውቀዋለች? ግራ ቀኝ ተመለከተች። ደጃፉ ላይ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ሾፌሮች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሁለት ወታደሮች ባትሪ ይመርጣሉ። አመለወርቅ ጉሮሮዋን ጠረገችና ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፦ «ዋይ፣ ዋይ ዩ፣ ኦ ዋይ…»

ወታደሮቹ ባትሪውን ጣሉት። የቦዳቦዳ ልጆች «ማማ ኩዌስ!»፣ ጎበዝ እናታችን፣ እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሐምዱ ግን አልሳቀም። ፊቱ በራ።

«እርስዎም ይወዱታል?»

«እንዴት አልወደው? እናቱ ሞታበት እንደዚያ የሚንሰፈሰፍ ልጅ!»

ሐምዱ ቀስ ብሎ «እትዬ… እናቱ አይደለችም። ፍቅረኛው ናት። ስልኩን አላነሳ ብላው ነው» አላት።

«ለስልክ ነው እንዲህ የሚያለቅሰው?»

«አዎ።»

«ታዲያ በጁባ ኔትዎርክ ቢሆን ምን ሊሆን ነበር!» አለችና ጥቂት አሰበች። «አይደለም። ዋይ ዋይ ይላል እኮ። ዋይ በየት አገር ነው ለስልክ የሚባለው?»

«ዋይ ማለት ለምን ማለት ነው።»

«እኮ! ለምን ሞትሽብኝ ነው የሚላት!»

ሐምዱ ተሸነፈ። ስለ ጯሂው ሰው ጠየቀችው። «ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ ደስ ብሎኛል ነው የሚለው» አላት።

«ደስ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚጮኸው? ቤቱ እየተቃጠለ ነው እንጂ!»

ጭብጨባ ያለበትንም ነገራት። እሷ ሠርግ ነው ስትል ኖራለች፤ እሱ ግን ሚስቱን ፈትቶ ነፃ የወጣ ሰው ነው አለ።

«ታዲያ ማን ነው የሚያጨበጭብለት?»

«እንጃ» አለ ሐምዱ፣ «ዘመዶቹ ይሆናሉ።»

አመለወርቅ እንዲህ ያለ ውርደት ለዘፈኖቿ አልተቀበለችም። ልትወጣ ስትል ግን ሐምዱ፣ ያ ሰው ቀና ብሎ የማያይ፣ ያዝ አደረጋት።

«እትዬ አመለወርቅ፣ እኔም ድሬዳዋ ሳለሁ እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ እነዚህን ዘፈኖች ስሰማ የማላየው አገር፣ የማላውቀው ትልቅ ሐዘን ይመስለኝ ነበር። እዚህ መጥቼ ለንግድ ብዬ እንግሊዝኛ ተማርኩና አበላሸብኝ። ለካ ሁሉም ስለ ስልክና ስለ ቅዳሜ ነው። የእርስዎ ትርጉም ይሻላል።»

እሷም ለሰለሰች። ከዚያ ችግሯን ነገረችው፤ ጥብሱን፣ ቁሌቱን፣ ፍርፍሩን። ሐምዱ ሰምቶ የሚገባበት ጠፋው። ሲዲውን ሁሉ በማጫወቻው ፍላሽ ላይ ገልብጦ ትንሽ ራዲዮ ላይ ሰካና «ይህን ቀስ አድርገው ከድስቱ አጠገብ ያስቀምጡት፤ ፈረንጁ አይሰማም» ብሎ በነፃ ሰጣት።

ያ ቀን የመንገድ ሥራው ድርጅት ለአለቆቹ የራት ግብዣ ያዘዘበት ቀን ነበር። ዳሱ በነጭ ጨርቅ ተሸፈነ፣ ከፍያለው ክራቫት አሰረ። አመለወርቅ ራዲዮዋን ከበርበሬው ቆርቆሮ ጎን አኑራ ከፈተች።

ፍላሽ ግን የሲዲውን ቅደም ተከተል አያውቅም፤ ዘፈኖቹን እንደፈለገ ያጫውታቸዋል። ዋይ ባዩን ስትጠብቅ ጭብጨባው መጣ፤ ሽንኩርት አቁላላለሁ ስትል እንቁላል ልትሰብር እጇ ተዘረጋ። እሱን እንደምንም አለፈችው። ሥጋውን መጥበሻ ላይ ከማድረጓ ግን፣ ከመሃሉ የጀመረ ይመስል፣ ሰውየው ጮኸ። እጇ ሳታዘው መጥበሻውን አነሳ። ሰላምም ልማድ ነውና አፍሳ ሮጠች።

ከፍያለው ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። «አመለወርቅ! ደም ነው እኮ!»

«ሰውየው ጮኋል!»

«የቱ ሰውዬ?» አለ ከፍያለው ዙሪያውን እየቃኘ። የዘፈኑን ጉዳይ ከቤቱ የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ሰላም ሐምዱን ጠርታ መጣች። ራዲዮውን ነካካው። «ኮምፒውተር ከሌለ አይስተካከልም» አለ። ስፒከሩን ደጅ እንዳያወጣ አማካሪው ከነአለቆቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጧል።

«እንግዲያው አንተ ዝፈነው» አለች አመለወርቅ።

«እኔ?»

«ታውቀዋለህ አይደል? ሥጋው ይኸው።»

ሐምዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በሹክሹክታ ጀመረ። አመለወርቅ በጭልፋ የድስቱን ክዳን እየመታች ከበሮውን ያዘችለት። ቀስ በቀስ ድምፁ ወጣ፤ አንገቱ መወዛወዝ ጀመረ፤ ነጭ ኮፍያው ወደ ጆሮው ተንሸራተተ። ከዚያ መጮኺያው ደረሰና ዝም አለ። በሕይወቱ ጮሆ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

«ጩህ እንጂ፣ አረረ!» አለችው።

ጮኸ።

ዳሱ ውስጥ ሹካዎች ወደቁ። ሁለቱ ዘበኞች ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። አማካሪው ተነሥቶ የወጥ ቤቱን በር ከፈተ፤ አንዲት ትልቅ ሴት ክዳን ስትደበድብ፣ አንድ ቀጭን ነጋዴ ዓይኑን ጨፍኖ ከሽንኩርት ከረጢት አጠገብ ሲያለቅስ አየ። በሩን ቀስ አድርጎ፣ የታመመ ሰው ክፍል እንደሚዘጋ አድርጎ ዘጋው።

ጥብሱ ወጣ። እንዲህ ያለ ጥብስ ከዚያ በፊትም በኋላም አልበላሁም። አለቆቹ ደገሙ፤ ሐምዱም ደገመ፤ ሁለተኛው ጩኸት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ራቱ ሲያበቃ አማካሪው ከፍያለውን ጎን አደረገውና «ያንን ስፒከር መልሱለት» አለው። «ከዚህኛው እሱ ይሻላል።»

ከፍያለው ስፒከሩን በገዛ እጁ ተሸክሞ ደጅ አወጣው። አማካሪውንም ጄኔሬተሩ አጠገብ ወዳለው ኮንቴይነር አዛወረው፤ እዚያ ዘፈን ይቅርና የራስ ሐሳብም አይሰማም። እሱም በሰላም ተኛ።

ወሬው ግን በቦዳቦዳ ተጭኖ ከተማውን ዞረ። በማግስቱ የሐምዱ ሚስት ዘኪያ መጣች፤ ረጋ ያለች፣ ሻርፗ የማይዛነፍ ሴት። የምስር ሳምቡሳ በሳህን ሸፍና ይዛለች። ሰላም በፍርሃት ከሰል ላመጣ ብላ ጠፋች።

«ባሌ የዘፈነልዎት ሴትዮ እርስዎ ነዎት?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለሥጋው ነው» አለች አመለወርቅ።

«ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ለእኔ አንድ ቀን አንጎራጉሮልኝ አያውቅም።»

«እግዜር ሲወድሽ ነው። ድምፁን ብትሰሚው!»

ዘኪያ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ተቀመጠችም። ከቆርቆሮው ማዶ ረጅሙ ዘፈን ጀመረ። አመለወርቅ ሽንኩርቷን እያማሰለች ስለ ዘፋኙ እናት ሞት ነገረቻት። ዘኪያ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማች።

«እኔ ግን ግመል የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለኝ» አለች። «አባቴ ልክ እንዲህ ነበር የሚያለቅሱት።»

«ለግመል?»

«ግመል ያለበት ቤት አላደጉም ማለት ነው።»

ክርክሩ ያን ቀን አላለቀም። ዘኪያ በማግስቱም መጣች፣ ከዚያም ለመደች፤ ሳምቡሳው ከሽሮው ጋር ይለዋወጣል፣ እናትና ግመል እየተፎካከሩ ሽንኩርቱ ይቁላላል። ሐምዱ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ያዳምጣቸዋል፤ ትርጉም ሲጠይቁት አላውቅም ይላል።

አንድ ቀን ባትሪ ልገዛ ገብቼ፣ እውነት አታውቅም ወይ ብለው፣ ዝቅ ብሎ ጫማውን አየ።

«እንግሊዝኛውን ልረሳው እየሞከርኩ ነው» አለኝ። «ደንበኛ አላስረሳ አለኝ እንጂ።»