የዘለልኩት ስም

ደሳለኝ የሚባል ጎረቤቴ ወረቀት ሲያነብልኝ አንድ መስመር ዘሎ የአባቴን መሬት ወሰደብኝ። የሁለት ዓመት የእኩል እርሻ ውል ነው ብሎ ነው ያነበበልኝ። የዘለለው መስመር መሬቱን በስጦታ ለዘለቄታው እንደሰጠሁት ይላል። እኔ ያኔ ፊደል አልለይም፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ቀበሌው ማኅተም መታበት፤ አለቀ። ከወንዙ አፋፍ ያለ አንድ ጥማድ ጥቁር መሬት ነበር።

ይህንን ታች ጋይንት ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሰምቶታል፤ ስንት ዓመት ሙሉ ያገኘሁትን ሰው እያስቆምኩ ስናገረው ኖሬያለሁ። ቀጥዬ የምጽፈውን ግን ሙሉውን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ግማሹን ነገርኳቸው። ለሽማግሌዎች ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን። የቀረውን ለእናንተ ለማታውቁኝ እጽፋለሁ። ለምን ለእናንተ? ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ለእውቀት ብዬ አይደለም፤ በቂም ነው። ያስተማረችኝ መምህርት ሰናይት ትባላለች። ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው ቀበሌያችን፣ በትምህርት ወደኋላ ለቀሩ ልጆች አንድ ክፍል ከፍታ ነበር። ስምንተኛ ደርሰው አንድ አንቀጽ አንብበው የማይጨርሱ ልጆች ናቸው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ከሰሌዳ እየገለበጡ ያለፉ። ክፍሉ የሚከፈተው በበዓል ቀን ነው፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ። በሌላው ቀን ሁሉም እርሻ ላይ ወይ አረም ላይ ነው፤ በበዓል ግን ሞፈር አይነካም፣ እጁ ባዶ ነው። አንዳንዱ ሰው በዓል ተሻረ ብሎ ሲያጉረመርም የደብሩ አስተዳዳሪ «ፊደል መቁጠር ምን ያርሳል? ተዋቸው» ብለው አፉን አስያዙት።

እኔም ከልጆቹ ኋላ ተቀምጬ ተማርኩ። «አባባ ተማሪ» ይሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሰናይት ረዳት ሆንኩ፣ የክፍሉ ቁልፍም እኔ ጋ ዋለ።

ሰናይት ልጆቹን ማንበብና ማስላት ብቻ አስተምራ አትለቃቸውም። ወረቀት ትሰጣቸውና በሦስት ዓምድ እንዲከፍሉት ታደርጋለች። ምን መሆን እፈልጋለሁ፣ ሥራው ምን ይጠይቃል፣ እኔ ምን ይጎድለኛል። መጀመሪያ ሁሉም ሐኪም ብለው ጻፉ። «በሉ እንግዲህ፣ አርብ ገበያ ውጡና የሚሠራ ሰው ጠይቁ። ልብስ ሰፊውንም፣ ብየዳ ቤቱንም። ሳይጠይቅ የሚመጣ እንዳላይ» አለቻቸው። ከተላኩት አንዷ የሺ ናት። አንድ አርብ ሙሉ ከብት ተራ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው አጠገብ ቆማ ዋለችና በሦስተኛው ዓምድ ላይ እንዲህ ብላ ጽፋ መጣች፦ «መድኃኒቱ በከብቱ ክብደት ነው የሚሰላው። እኔ ማካፈል አልችልም። ካልቻልኩ ከብት እገድላለሁ።»

የሺ የደሳለኝ ልጅ ናት።

ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ፤ ስም መዝገቡ ላይ ከነአባቷ ተጽፎ እያየሁት። እያወቅሁ ማካፈል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በባቄላ ነው ያስተማርኳት፤ ክምሩን እያስቆጠርኩ፣ እያስመደብኩ፣ የተረፈውን ለብቻ እያስቀመጥኩ። ባቄላውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ትዞራለች። ሦስት ወር ሳይሞላ ያለ ባቄላ ማካፈል ቻለች። ደስ አለኝ። ቂሜ ተኝቶ ነበር ልበላችሁ? አልተኛም። እያወቅኩት አብሮኝ ይቀመጥ ነበር።

ነፋስ መውጫ ያለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ እንደነሱ ያሉ ልጆችን ፈትኖ፣ ያለፉትን ስድስት ወር የማካካሻ ትምህርት አስተምሮ ወደ ሙያው እንደሚያስገባ ተነገረ። ልጆቻችን ተፈተኑ። ያለፉት ስም ዝርዝር የመጣው ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። ሰናይት ታማ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ነበረች። በስልክ «ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ አንብብላቸው፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። እስከ አሥራ ስምንት ቀን ያልተመዘገበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እሱን አስረግጠህ ንገራቸው» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ቆመ። ወንዶቹ በዚህ፣ ሴቶቹ በዚያ። የሺ ከሴቶቹ መካከል አለች። ደሳለኝ ከፊት ነው፤ በዱላው ተደግፎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ጆሮውን ለእኔ ሰጥቶ፤ ዓይኑ ደክሞ ማንበብ ትቷል። እሱ ወረቀቱን ሲያነብልኝ እኔም ልክ እንደዚያ ነበር የቆምኩት።

ከአንድ እስከ ስድስት አነበብኩ። ሰባተኛው ላይ «የሺ ደሳለኝ» ይላል። በደንብ የተጻፈ ነው፤ አልተሰረዘም፣ አልደበዘዘም። ስምንተኛውን አነበብኩ።

አልዋሸሁም አልኩ በልቤ። ዝም ነው ያልኩት። ዝም ማለት ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ከደሳለኝ ነው የተማርኩት።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

«እስቲ ድገመው፤ ልጄ ተፈትና ነበር።»

«አያ ደሳለኝ፣ ቢደገም ስም ይወልዳል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ደሳለኝ አልሳቀም። «እባክህ ድገመው» አለኝ። ይህ ሰው በሕይወቱ እባክህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

ደገምኩት። ስድስተኛውን አነበብኩ፣ ስምንተኛውን አነበብኩ። የመጀመሪያውን ንዴት ነው ልበል። ሁለተኛውንስ ምን ልበለው? እባክህ ያለኝን ሰው ፊት እያየሁ፣ ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትጠብቅ እያየሁ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነው የዘለልኩት። ወረቀቱንም አልለጠፍኩትም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ስድስት ቀን አለ። ቤቷ ከቤቴ የአንድ ዳገት መንገድ ነው። በአሥራ ሦስት ልሄድ እችል ነበር። በአሥራ አምስት ውኃ ስትቀዳ አገኘኋት፤ እንደምን ዋሉ አለችኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት፣ አለፍኩ። በአሥራ ሰባት የሌሎቹ ልጆች አባቶች ነፋስ መውጫ ለመሄድ ስንቅ ሲቋጥሩ እያየሁ ዋልኩ። በአሥራ ስምንት ጀንበር ስትጠልቅ ትንፋሼ ቀለል አለኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ።

እስከዚህ ያለውን ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ። የማያውቁት ይኼ ነው።

በኅዳር ሃያ አንድ፣ በማርያም፣ ክፍሉን ከፈትኩ። የሺ መጣች። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀችና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ፣ የቱ ላይ ነው የወደቅሁት? ልወቀውና ላጥናው ብዬ ነው።»

ያኔ እንኳ መመለስ ይቻል ነበር። ስህተት ነው፣ ስምሽ አለ፣ አብረን እንሂድና እንለምናቸው ብላት ምን እሆን ነበር? ምንም አልሆንም። «ማካፈሉ ላይ ይመስለኛል» አልኳት።

«እንዳስተማሩኝ ነው እኮ የሠራሁት።»

«የባቄላና የፈተና ማካፈል አንድ አይደለም» አልኳት። «ለሁሉም ሰው አይሆንም።»

ነጠላዋን ፈታች፤ ባቄላውን ጠረጴዛው ላይ አደረገችውና ወጣች። ባቄላውን ምን እንዳደረግኩት ልንገራችሁ? ለዶሮ በተንኩት።

ደሳለኝ መሬቴን ነው የወሰደው። እኔ ከልጁ ምን ወሰድኩ? ቦታዋን ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መቻሏን ነው የወሰድኩት፤ ያውም የሰጠኋት እኔው ሆኜ።

ከዚያ ወዲያ ክፍሉን አልረገጠችም። ከገና በፊት ወገዳ ወርዳ ምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆነች። ሰናይት ድና ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «የሺ ለምን አልሄደችም?» ነበር፤ ማለፏን ከማሠልጠኛው ሰምታለች። አባቷ ከልክሏት ነው አልኳት። ሄጄ ላነጋግረው ስትል ዱላ ያነሳብሻል ብዬ አስቀረኋት። አመነችኝ፤ ደሳለኝ ክፉ መሆኑን ከእኔ አፍ ስትሰማ ነው የኖረችው። አራት ዓመት ሙሉ ደሳለኝን ሰላም ሳትለው አለፈች። እሱም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ቀረ።

ባለፈው ክረምት ሰናይት ዝውውር ደረሳት። የክፍሉን ወረቀቶች ልታስረክበኝ ስታገላብጥ ያቺ በሦስት የተከፈለች የየሺ ወረቀት ወጣች። «ከሁሉም ይቺ ናት የምትቆጨኝ» አለችና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። አፌን ምን እንደከፈተው አላውቅም። ነገርኳት፤ ስሟን መዝለሌን፣ በአባቷ ማላከኬን። የማርያሙን አልነገርኳትም። ሰናይት አልጮኸችም። «ቁልፉን ስጠኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። «አሁን ልትነግራት የሚገባ ሌላ ሰው አለች» አለችኝ።

ወገዳ ሄድኩ። የሺን ጓሮ ዕቃ ስታጥብ አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላም። እጇን ከውኃው አላወጣችም። «ሰምቻለሁ፤ ይሂዱ» አለችኝ። አንቱታውን አልቀነሰችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ደሳለኝ ጆሮ ደርሶ በመስከረም ሽማግሌ ተቀመጠ። ደሳለኝም እዚያው ሰው ፊት የመሬቱን መስመር መዝለሉን አመነ። ሽማግሌዎቹ ቀለላቸው። «እሱም ዘሎብሃል፣ አንተም ዘለህበታል። ይቻቻልና እርቅ አውርዱ» አሉ። ደሳለኝ ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። እውነት ለመናገር እኔም ልነቀንቅ ነበር።

የሺ ከሴቶቹ ጎን ተነሳች። «የማንን ከማን ጋር ነው የምታቻችሉት? መሬቱን እኔ አልወሰድኩም። የእኔን አራት ዓመት አባቴ አልኖረውም» አለች። «ታዲያ ምን ይደረግልሽ?» አሏት። «ነፋስ መውጫ አብረውኝ ይምጡና ለምን እንደቀረሁ በአፋቸው ይናገሩ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» መሬቱ እዚያው ደሳለኝ ጋ ነው፤ ከፈለግክ ፍርድ ቤት ሂድ አሉኝ። አልሄድኩም። ጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ አፌን ስከፍት የሚመለስልኝን ስለማውቅ ነው።

በጥቅምት አብረን ሄድን። መዝጋቢው ወጣት ነው፤ እኔ ስናገር ስልኩን እያየ ሰማኝ። «አባት፣ ይሄ በቅጽ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። እንደ አዲስ ትፈተን» አለ። ይኸው ነው። ስንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር የሚሞላበት ቦታ የለውም።

ፈተናው እስኪጀመር በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እርሳሷን ጭኗ ላይ ታገላብጣለች።

«ጋሼ፣ ማካፈሉን ያኔ እውነት አልችልም ነበር?»

ዞሬ አየኋት። ስሟ ዝርዝሩ ላይ እንደነበረ ካወቀች ወር አልፏታል፤ ይኼኛውን ግን እስካሁን ታምናለች።

«ትችይ ነበር» አልኳት። «ካስተማርኳቸው ሁሉ ትበልጪ ነበር። ዋሽቼሽ ነው።»

እርሳሷን ማገላበጥ ተወች። «ለሽማግሌዎቹ ይህንን ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

«እውነት መስሎኝ ነዋ» አለች። «ሰው ፊት ደካማነቴን ልናገር?»

በሩ ተከፍቶ ተፈታኞችን ጠሩ። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ ያኔም፣ ከዚያም ወዲህ። ወደ ፈተና የሚገባ ሰው ላይ ሌላ ጭነት መጫን ምን ይባላል? እናንተንም አልለምንም። ቂም ነው፣ ድህነት ነው፣ አለመማር ነው እያላችሁ ምክንያት አትፈልጉልኝ። ስሟን ሳነበው ማንበብ በደንብ የምችል ሰው ነበርኩ።

ፈተናውን ያለፉት ስም ተለጠፈ፤ ስሟ አለ። ነገሩ ያለቀው በዚያ ቀን ነው፤ ዘንድሮ፣ ጥቅምት ሃያ አራት ቀን።