የጦስኝ ሻይ ሲፈላ

ክብረትን ፒያሳ ሠላሳ ዓመት ስትኖር ከጎረቤቷ ከየሺዓለም የሚለያት አንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። የጦስኝ ሻይዋ ሲፈላ ግድግዳውን በማንኪያ ሦስቴ ትመታለች፤ የሺዓለም ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ጣሳዋን ብብቷ ስር ሸጉጣ ከች ትላለች።

"ቅርንፉድ አበዛሽበት! ጥርሴን ልታክሚኝ ነው?" ትላለች፤ ግን ሦስት ብርጭቆ ሳትጠጣ አትነሳም።

ሰፈሩ ሲፈርስ የሺዓለም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባች። ክብረት አፍንጮ በር ተከራየች፤ ከገባች ገና ሳምንቷ ነው።

ዛሬ የሐምሌው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ዝንጅብሉን ወቀጠች፣ ቀረፋውን ሰባበረች፣ ከጦስኙ ጋር አፈላችው። ሽታው ቤቱን ሲያውደው እጇ ሳታስበው ማንኪያውን አንስቶ ግድግዳውን ሦስቴ መታ።

"አቤት! ማነው?" አለች አዲሷ ጎረቤት ከወዲያ።

"ማንም አይደለም! ተሳስቼ ነው!" ብላ ጮኸች ክብረት፤ የተናደደችው በራሷ ነበር።

ሻዩን ቀድታ ስኳር ፍለጋ መደርደሪያውን በረበረች። ቅመም ሞልቷል፣ ስኳር ግን የለም። መግዛቱም ትዝ ብሏት አያውቅም። ለካስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስኳሩ የሚመጣው በየሺዓለም ጣሳ ነበር።