ተገልብጦ የተጠረዘው መጽሐፍ

ቁጡ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። መቐለ ከሮማናት አደባባይ ትንሽ ወረድ ብሎ በነበረ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት መዝጋቢ ሆኜ ስሠራ፣ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አንዲት የወሎ ሴት የተገነጣጠሉ መጻሕፍትን ትጠርዝ ነበር። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ነው ያላት። የኮላሽ ሽታ ራሴን ያሳምመኛል እያልኩ በሯን እዘጋባት ነበር። ለዐስር ሶላት ስትነሳ ደግሞ፣ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፣ ሰዓቴን እያየሁ ደቂቃ እቆጥርባት ነበር።

አንድ ዓመት የተማሪው ቁጥር አነሰና በጀቱ ጎደለ። ኃላፊያችን፣ እርጋታው የሚያናድድ የመቐለ ሰው፣ ስድስታችንን ቋሚ ሠራተኞች ሰበሰበን። በፈቃዳችን በቀን ሁለት ሰዓት ቀንሰን በዘጠኝ ሰዓት እንድንወጣ፣ ደመወዛችንም በዚያው ልክ እንዲቀነስ ጠየቀ። አምስት ሰው ከፈረመ ጉድለቱ ይሸፈናል፤ ስድስት ከሆንን ደግሞ ጠራዧም ትቆያለች።

"ማንም አይገደድም" አለ። "ቀን እስኪያልፍ ያለፋል፤ ይሄም ያልፋል።"

አምስቱ ፈረሙ። ወረቀቱ እኔ ጋ ሲደርስ ደሜ ፈላ። በዚያ ዓመት ልጄ ጎበዞች ብቻ ለሚገቡበት ለቃላሚኖው ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀች ነበር፤ የአስጠኚዋን የምከፍለው ከዚያችው ደመወዝ ነው።

"ሥራዬን ያገኘሁት ተፈትኜ ነው፤ ለማንም አልቆርስም!" አልኩ አፌን ሞልቼ። ከጠረጴዛዬ ጀርባ የጠራዧ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ሰምታለች።

በማግስቱ ጠራችኝ። ልትለምነኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ገባሁ። እሷ ግን ወንበር ሳበችልኝና ወስፌውንና ሲባጎውን ከፊቴ አስቀመጠች።

"ቁጭ በይ እታለም፣ ላሳይሽ። ወሩ ሲያልቅ እኔ የለሁም፤ መጻሕፍቱ ግን መቀደዳቸውን አይተዉም።"

"ለምን እኔን? ሌሎቹ የሉም?"

"ሌሎቹማ በዘጠኝ ሰዓት ይወጣሉ" አለች፣ ክር እየሳበች። "እስከ ማታ የምትቆዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ጊዜ ይኖርሻል።"

ፊቷን አየሁት። ነገር የለበትም። አሽሙር ቢሆን ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ በዚህ አልታማም። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ ከእንጀራዋ ይልቅ የመጻሕፍቱ ነገር ነው ያሳሰባት። ሦስት ቀን አስተማረችኝ። ቅጠሎቹን ማስተካከል፣ በወስፌ መብሳት፣ መስፋት፣ ሽፋኑን በኮላ አጣብቆ ድንጋይ መጫን። በሦስተኛው ቀን አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ብቻዬን ጨርሼ ብሰጣት ገለጥ አድርጋ አየችውና አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሽፋኑን ገልብጬ ነው የለጠፍኩት።

"ወላሂ፣ ይህን ለማንበብ በጭንቅላት መቆም ነው!" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ብቻ ነበር የቀረው። ርኅራኄ ያዘኝ ብል እዋሻለሁ፤ አፈርኩ። ተነሥቼ ኮላ በኮላ በሆኑ ጣቶቼ ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ፈረምኩ። ወረቀቱ አውራ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ኃላፊው ቀስ ብሎ አላቀቀልኝ። "ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ አሻራ አልጠየቅንም" አለኝ። "ፊርማሽ ይበቃል።"

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እየወጣሁ፣ ከሮማናት ታክሲ ይዤ ዓይናለም ሰፈር ያለው ቤቴ እገባ ነበር። አስጠኚው ቀረ፤ ልጄን ራሴ አስጠናኋት። በእኔ ጠባይ ማስጠናት እንዴት እንደሆነ እሷ ትንገራችሁ። ፈተናውን አላለፈችም። እዚያው ሰፈራችን ተማረች። ከዚያ በፊት ግን ቤቴን የማውቀው ጠዋት ስወጣና ሲመሽ ስገባ ብቻ ነበር፤ ልጄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ የተቀበልኳት ያኔ ነው።

ጠራዧ ከሥራዋ አልተነሣችም፤ ኮንትራቷም ታደሰ። አላመሰገነችኝም። እኔም አልጠበቅሁም። ውሸቴን ነው፤ ጠብቄ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሰዓታችን ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ተማሪ ያንን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይዞ መጣና፣ "ይሄ ተገልብጦ ነው የተጠረዘው፤ ማነው እንዲህ የሠራው?" አለ። አንገቴን መዝገቤ ውስጥ ቀበርኩ። እሷ ከክፍሏ ብቅ ብላ ተቀበለችው፤ ሽፋኑን በሻርፗ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ መለሰችለት።

"አዙረህ አንብበው ልጄ" አለችው። "የጠረዘችው ሰው እኔን እዚህ ለማቆየት ቸኩላ ነው።"