ሲስተር ዘነበችና የማግኔቱ ኮፍያ

በአምቦና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክሙ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሲስተር ዘነበች ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ለሞት ያበቃቸው የኩላሊት ሕመም ነው። መታመማቸውን ያወቁት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ ስንቱን ቤተሰብ የተቆጡ ሴት የራሳቸውን ደብቀው ሄዱ። በዚህ ተቀይሜያቸዋለሁ፤ በሕይወት ቢኖሩ ፊት ለፊት እነግራቸው ነበር።

በቀብራቸው ላይ ንግግር ያደረጉት ሰዎች ትሑት፣ ታታሪና ሰው አክባሪ ነበሩ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን እንዲህ ያልተባለለት ሟች አላውቅም። እኔን የነኩኝ ከንግግሮቹ ይልቅ ከለቀስተኛው ኋላ ሰብሰብ ብለው የቆሙት ናቸው። ከጎጆ ከተማ በጭነት መኪና ላይ ብርድ ሲመታቸው የመጡ፣ ከጉደር የመጡ፣ የእጃቸው አንጓ ላይ የገመድና የሰንሰለት ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ነበሩ። አንዳቸውም አልተናገሩም፤ ተናገሩ ያላቸውም የለም። በእነርሱ ስም ልጽፍ አልችልም፤ ውክልና አልሰጡኝም። የምጽፈው ስለ እኛ ቤት ነው።

እኔ በጊንጪ አስተማሪ ነኝ። አባቴ ኦቦ ዲንሳ በዚያው ከተማ ሬዲዮ ይጠግናሉ። እናታችን ቀደም ብለው ስላረፉ ታናሽ እኅቴን ለሊሴን ያሳደጓት አባቴ ናቸው። ለሊሴ ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቷን ጥላ መጣች። አንገቷን ደፍታ ትውላለች፣ ለብቻዋ ታወራለች፣ የቀረበላትን ምግብ ሳትነካው ትተዋለች። ቆይታ እንደ ነገረችን፣ በአባቴ ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት ሬዲዮኖች ስሟን እየጠሩ ይሰድቧት ነበር።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ሬዲዮኖቹን እፊቷ ፈታቷቸው። «ልጄ፣ እይ እስኪ። ይህ ስፒከር ነው፤ ይህ ማግኔት ነው፤ ይህ ሽቦ ነው። ማን አለ እዚህ ውስጥ?» አሏት። ለሊሴ ባዶውን ሣጥን አየችና «አሁን ጣራው ላይ ወጥተዋል» አለች። አባቴ መፍቻቸውን አስቀምጠው አለቀሱ። አባቴ ሲያለቅሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው ጸለዩ። ጎረቤትም የመሰለውን አለ፤ አንዱ እሰሯት፣ አንዱ ዳሯት ይላል። በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ሲስተር ዘነበች ላከን።

ሲስተር ዘነበች በሽተኛ ሲገባ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር የሚቀበሉት። «አብዷል» ለተባለ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። «አካም ጅርታ፣ ለሊሴ ኮ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏት፤ «እንዴት ነሽ፣ ለሊሴዬ» ማለታቸው ነው፤ አፍ የፈቱት በአማርኛ ቢሆንም ይህችን «ኮ» በእያንዳንዱ በሽተኛ ስም ላይ ይጨምሯት ነበር። ቀጥለውም እኔንና አባቴን ትተው እርሷን «ምን ይሉሻል?» ብለው ጠየቋት። እኛ እስከዚያ ቀን የምናውቀው «ምንም የለም፣ ዝም በይ» ማለት ብቻ ነበር። ለሊሴ እስኪደክማት ድረስ ተናገረች፤ እሳቸውም ሳያቋርጡ አዳመጧት።

«በሽታው ስኪዞፍሬኒያ ይባላል» አሉን። «በጊዜ ነው የመጣችሁት። ብዙው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ከዓመታት እስራት በኋላ ነው። ገና ከጅምሩ ከተያዘና ሕክምናው ካልተቋረጠ ለዚህች ልጅ ብዙ ነገር ሊተርፍላት ይችላል። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ኪኒኑም ይቀጥል፤ እነርሱ አይጣሉም።» ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤታችን ተስፋ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ «በጊዜ» በተባለው ነገር ላይ ነበር።

ኪኒኑ ሠራ። ለሊሴ መብላት ጀመረች፤ ፀጉሯን ተሠራች፤ እንዲያውም ወደ ትምህርቷ ስለ መመለስ ታነሣ ጀመር። ድምፆቹ ግን ቀነሱ እንጂ አልጠፉም። እጇም ይንቀጠቀጣል፤ ምራቋ ትራሷን ያርሳል፤ ረፋድ ድረስ ትተኛለች። አባቴ ይህን ማየት አቃታቸው። ለክትትል አምቦ በሄድንበት አንድ ቀን «ሲስተር፣ በዚህ ሁሉ ዓለም ከዚህ ኪኒን ሌላ ምንም ነገር የለም?» ብለው ጠየቁ።

ሲስተር ዘነበች «እየተሞከረ ያለ ነገር አለ» አሉ። «አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄጄ አንድ ሐኪም ሲያስረዱ ሰምቻለሁ። በሽተኛው ነቅቶ ተቀምጦ ሳለ ጭንቅላቱ አጠገብ መሣሪያ ያስጠጉና በማግኔት ኃይል አእምሮውን ቶሎ ቶሎ እየመቱ ያነቃቁታል። ድምፁ የቀነሰላቸው አሉ፤ ምንም ያልተለወጠላቸውም አሉ። ገና አልተረጋገጠም። በአገራችንም የለም። ኪኒኑንም አያስቀርም። አንድ ቀን ቢመጣ ግን ለሊሴን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ።»

እኔ እዚያው ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። አባቴ የሰሙት ግን ማግኔት የሚለውን ነው።

ለሌላ አባት ይህ ቃል በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ለሬዲዮ ጠጋኝ ግን የእንጀራው ቃል ነው። አባቴ ያሰቡትን በኋላ ነግረውኛል፤ ስፒከር ያለ ማግኔት አይናገርም፤ ማግኔት ሬዲዮ አጠገብ ሲያስቀምጡት ድምፁ ሲበላሽ በዓይናቸው አይተዋል፤ እንግዲያው የልጃቸውን ጭንቅላት የሚያውከውን ድምፅ ማግኔት ያበላሸዋል። ከተጣሉ ስፒከሮች ማግኔት አወጡና በሹራብ ኮፍያዋ ገበር ውስጥ ዙሪያውን ሰፉት። ጊንጪ ብርድ ስለሆነ ኮፍያ ማድረጓ ማንንም አላስገረመም፤ እኔም ለብርዱ ነበር የመሰለኝ። ለሊሴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ድምፆቹ ራቁ» አለቻቸው። የእጇ መንቀጥቀጥም እያስጨነቃቸው ስለነበር ኪኒኑን እንድትተው አደረጉ። ከተወች በኋላ እጇ ረጋ፣ ፊቷ በራ፣ ሳቀች። አባቴ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ አባቴን የሚያማ ሰው መጀመሪያ የእሳቸውን ችግር ይቅመሰው።

ክረምቱ ሲገባ ለሊሴ ከቤት ጠፋች። ጊንጪን፣ ኦሎንኮሚን፣ አምቦን አዳረስን። ጭልሞ ጫካ ውስጥ ያገኟት የደን ሠራተኞች ናቸው፤ ዝናብ ሲወርድባት ከሰነበተ በኋላ፣ ባዶ እግሯን፣ ኮፍያዋን በሁለት እጇ ወደ ታች ጎትታ ይዛ። ማናችንንም አላወቀችም። ስትታገላቸው አስረው ነው ለእኛ ያስረከቡን፤ እንዲያ እንደ ታሰረች በጭነት መኪና አምቦ አደረስናት። ሲስተር ዘነበች በሩ ላይ ተቀበሉን። ማን አሰራት ብለው አልጠየቁም። የፋሻ መቁረጫ መቀስ አምጥተው ገመዱን ራሳቸው ቆረጡትና የእግሯን ቁስል ማጠብ ጀመሩ።

አባቴ ኮፍያዋን ይዘው ቤት ከተመለሱ በኋላ ማግኔቱንም ኪኒኑን ማስተዋቸውንም ነገሩኝ፤ እኔም ለሲስተር ነገርኳቸው። ለሊሴ ተኝታ ስትታከም ሲስተር ዘነበች በአውቶቡስ ጊንጪ ድረስ መጡ። አባቴ ሊሰድቧቸው የመጡ መስሏቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። ሲስተር «ኮፍያውን ያሳዩኝ» አሉ። ተቀበሏቸውና አገላብጠው አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አውርደው ኮፍያውን ራሳቸው ላይ አደረጉትና ተቀመጡ። ሬዲዮ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል።

ቆየት ብለው «ከባድ ነው» አሉ። «አንገት ይሰብራል። ኦቦ ዲንሳ፣ ይህ ማግኔት ዝም ብሎ ይቀመጣል እንጂ አእምሮ ውስጥ የሚሠራው ነገር የለም። የሐኪሞቹ መሣሪያ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፤ ይመታል፣ ያቆማል፣ ይመታል። እርሱም ቢሆን ገና ሙከራ ነው ብዬዎት ነበር።»

«ሲስተር፣ ድምፁ ግን ርቆላት ነበር እኮ» አሉ አባቴ።

«ያራቀላት ኪኒኑ ነው። ካቆመችውም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ሰውነቷ ውስጥ ይቆያል። እርስዎ ያዩት የእርሱን ሥራ ነው።»

አባቴ «ያ ዋቅ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩና ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ። «ልጄን ገደልኳት በሉኛ!»

«አልሞተችም። ነገር ግን በእጃችን የነበረውን ጊዜ አጥተናል። እንደ በፊቱ ላትሆን ትችላለች። አልዋሽዎትም።» ይህን ካሉ በኋላም ተነሥተው አልሄዱም። አባቴ ሱቃቸውን እስኪዘጉ ድረስ ከጎናቸው ተቀምጠው ዋሉ።

ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ክርክራችን የተጀመረው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ተናድጄ ነበር፤ አልደበቅኳቸውም።

«ለምን ነገሯቸው?» አልኳቸው። «በአገሩ የሌለ፣ ያልተረጋገጠ ነገር! የለም ቢሏቸው ምን ነበረበት?»

«ልጁ የታመመችበት አባት ሲጠይቀኝ እያወቅሁ የለም ልበል?»

«አዎ፣ ይበሉ!»

«ገመቹ፣ አንዴ ዋሽቼው ያወቀ ሰው ነገ ኪኒኑን ስጧት ስለው ለምን ያምነኛል?» ቀጥለውም «የእኔ ጥፋት መናገሬ አይደለም። ምን እንደ ሰሙ ሳልጠይቃቸው መሸኘቴ ነው» አሉ።

አላሳመኑኝም። ከዚያም በኋላ በተገናኘን ቁጥር ይህን ነገር አነሣባቸው ነበር። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራራቸውን ለወጡ። የትኛውንም ቤተሰብ ሲያሰናብቱ «እሺ፣ ምን አልኳችሁ? እስኪ እናንተ ንገሩኝ» ይላሉ። ጎጆ ከተማ አጠገብ ታስሮ ወደ ተቀመጠ ወጣት ቤት ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ። ከረጅም ማስረዳት በኋላ የልጁ አባት «ሲሻለው ኪኒኑን ተዉ ብለውናል» አሉ በልበ ሙሉነት። ሲስተር ዘነበች «አላልኩም፤ እንደገና» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሁለተኛውም ሲበላሽ ሳቅ አሉና እንደገና ጀመሩ። ገብሳቸው ያልታጨደላቸው የልጁ አባት መሰላቸታቸውን በግልጽ ቢያሳዩም፣ በትክክል እስኪመልሱ ድረስ ሲስተር ከተቀመጡበት አልተነሡም። አንዳንድ ጊዜም አባቴን ይዘዋቸው ይሄዱና «ኦቦ ዲንሳ፣ የሆነውን ይንገሯቸው» ይሏቸው ነበር። አባቴ ይናገራሉ። ሲናገሩ በየጊዜው ያለቅሳሉ፤ ግን አንድም ቀን አልሄድም ብለው አያውቁም።

ለሊሴ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። ኪኒኑ ወደ ወርኃዊ መርፌ ተቀየረላት። ልብስ ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ በጎ ቀን ከሆነም ትዘምራለች። ከዚህ የበለጠ ነገር ይመጣል ብሎ የነገረን የለም። መሣሪያውም አልመጣም፤ ሲስተር ዘነበችም ሊመጣ ነው ብለው አንድም ቀን አላታለሉንም።

ድምፆቹ አብረዋት አሉ። አብዝተው የሚያወሩላት ስለ ሞት ነው፤ አባትሽ ሞተ ይሏታል፣ ወንድምሽ ሞተ ይሏታል፣ ሲስተር ሞቱ ይሏታል። ሲስተር ዘነበች ድምፆቹን ሊያጠፉላት ስላልቻሉ፣ የሚሏትን ከማመኗ በፊት ከምታምነው ሰው እንድትጠይቅ አስተማሯት። ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው ራሳቸውን ነበር። መርፌ ልትወጋ ስትሄድ «ሞተዋል ይሉኛል» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ውሸታቸውን ነው፤ ይኸው እጄን ያዢ» ይሏታል። እጃቸውን ይዛ ትቆያለች።

ከቀብር ተመልሼ ቤት ስገባ ለሊሴ ከአባቴ ጋር ተቀምጣለች። አባቴ አልነገሯትም ነበር። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ገመቹ፣ ሲስተር ሞተዋል ይሉኛል። ውሸት ነው አይደል?» አለችኝ። አባቴ ከኋላዋ ሆነው አትናገር ብለው በእጃቸው ለመኑኝ።

ሲስተር ዘነበች፣ ውሸት ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። እንዲያ ብላት ያን ቀን በሰላም ትውል ነበር። ከእርስዎ ጋር ያን ሁሉ ዓመት የተከራከርኩት እንዲህ ያለ ውሸት ይፈቀድ ብዬ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ግን አልቻልኩም። «እውነት ነው፤ ሞተዋል» አልኳት። አልጮኸችም። «እንግዲህ ከአሁን በኋላ የሚሉኝን ውሸት ነው የሚለኝ ማነው?» አለችኝ። እኔ አለሁ ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። አየችውና አንገቷን ደፋች። አፈሩ ይቅለልዎት፣ እናቴ። መርፌዋን እንዳታቋርጥ አምቦ የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ እጄን በየቀኑ እዘረጋላታለሁ፤ እስካሁን ግን አልያዘችውም።