ግራዋ ግራዋ ያለው ወይን

የታሸ ግራዋ ሽታ ከአንዱ ጓሮ ወጥቶ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ የነበረው ግቢያችን ከነወይን ሐረጉ ፊቴ ድቅን ይላል። አባቴ ከአብዮቱ በፊት በአንድ ትንሽ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ይሠራ ነበር፤ ድርጅቱ ሲወረስ ሾላ እህል መጋዘን ተመድቦ ጤፍ ሲያስመዝን ይውል ጀመር። ምላሱ ግን አልተወረሰም፤ የካ ቁጭ ብሎ እንጦጦ ላይ የሚንተከተክ ሽሮ ጨው እንዳነሰው ያውቅ ነበር።

ክረምቱን ሐረጉ ጭጋግና በረዶ ሲፈራረቁበት ከርሞ፣ በጋ ላይ ፍሬው ሲጠቁር አባቴ ለቅሞና ጨምቆ ባለችን አንዲት የእንጨት በርሜል ያብላላው ነበር። ሲጠልል በማንኪያ ያቀምሰኝና «ምን ምን ይላል?» ሲለኝ፣ «እንጆሪ፣ ዝናብ የነካው አፈር፣ ትንሽ ደግሞ የአንተ ኮት» እያልኩ እቀባጥርለት ነበር።

አንድ ዓመት የድሮ አለቃው ጋሽ ወንድሙ ለፋሲካ እንደሚመጡ ላኩበት። እሳቸው መንግሥት መጥመቂያ ውስጥ ነበሩና ቀማሽ ይፈልጉ ነበር፤ ወይኑን ከወደዱት አባቴ ከጤፍ ብናኝ ወጥቶ ወደ ሙያው ሊመለስ ነው። እናቴ ይህን ሰምታ፣ እሱ ሥራ በዋለበት በርሜሉን እንደ ጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ፣ በወይራ አጥና ጠበቀችው።

«እጄ እስኪላጥ አሸሁልህ» አለችው። «ለጋሽ ወንድሙ በቆሸሸ ዕቃ አይቀርብም።»

አባቴ ገና ከበሩ አሸተተና ቆመ። ፍሬው ተለቅሟል፣ ሌላ በርሜል የለም። «ተባረኪ» አላትና ጭማቂውን እዚያው ገለበጠው።

ፋሲካ ደረሰና ጋሽ ወንድሙ መጡ። አንድ ጉንጭ ይዘው ሲያንከባልሉት የቆዩበት ጊዜ ለእኔ ከሁዳዴው በለጠብኝ።

«ታደሰ፣ ፍሬው ግሩም ነው» አሉ። «ግን ግራዋ ግራዋ ይላል፣ ጭስም አለበት። በርሜሉን ማነው ያጠበው?»

እናቴ ዳቦውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«አንተ? ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬህ?»

«ዘነጋሁት፣ ጋሼ።»

እኔ አፌን ስከፍት በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆንጥጦ ዘጋኝ። ጋሽ ወንድሙ ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ የሥራውንም ወሬ ሳያነሱ ሄዱ።

በቀጣዩ በጋ እናቴ ውሃ አፍልታ «በርሜሉን በዚህ ብቻ ባለቀልቀውስ?» አለች፣ ዓይኑን ሳታይ። «አንቺ እንዳልሽ» አላት። ስለዚያ በርሜል ሌላ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማሁም። አባቴም ጡረታ እስኪወጣ ጤፍ አስመዘነ።

ዛሬ ትንንሽ ጠማቂዎች የሚያወጡትን ቀይ ወይን ከወዳጆቼ ጋር ስቀምስ፣ አንዱ ቸኮሌት፣ አንዱ ትምባሆ፣ አንዱ የተቃጠለ እንጨት ሲል፣ እኔም ከሁሉ አስበልጬ እለፈልፋለሁ። አባቴ ከሁላችን የሚልቅ ምላስ ይዞ፣ ያቺን አንዲት ነገር እስኪሞት ድረስ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ግን ይኸው፣ መያዝ አቅቶኝ ጻፍኳት።