ማኅተሙ ላይ ያለው በር

ሥርጉትን የሚያውቅ ሁሉ «ቁጡ ናት» ይላል። ትቆጣ እንጂ፣ ምን ታድርግ! ጀጎል፣ ሸዋ በር ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ በከተማው ኮሌጅ ሥዕል ስታስተምር የሸበተች ሴት ናት። ያየችውን ውጣ ማደር አትችልበትም።

ዲኑ አቶ ፍፁም «አዲስ ማኅተም ይሣሉልን» ሲላት ግን ደስ ብሏት ነበር። የጀጎልን ግንብ ሣለች፤ መሃሉ ላይ ወለል ብሎ የተከፈተ በር። ከሥሩ መሪ ቃሉ «በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል። የኮሌጁ ኮሚቴ መጽሐፍ ይጨመር፣ ችቦ ይጨመር ብሎ ነዘነዛት።

«ጀጎል ውስጥ በጠራራ ፀሐይ በሩን የዘጋ ሰው፣ ጎረቤት ‹ምን ሆነ?› ብሎ ይመጣበታል። በሩ ብቻውን ይበቃል» አለቻቸው። ዲኑም አጨበጨበ።

ለማጨብጨብማ ማን ብሎት! በዚያው ሳምንት «ለጥበቃ አያመችም» ብሎ የማታውን ትምህርት ዘጋው። የማታ ተማሪዎቹ ቀን ሠርተው የሚያድሩ ናቸው። ሪሃና አንዷ ነች። ከሶፊ ገጠር መጥታ ቀን ጫት ስትሸጥ ትውላለች፣ ማታ ትማራለች፤ ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ቀርቷት ነበር። ጥበቃው ከበር ሲመልሳት በቀጥታ ሥርጉት ቤት ሄደች።

«ቲቸር፣ ቀን ተመዝገቢ አሉኝ። ቀን ከተማርኩ እናቴን ማን ያበላታል? ወላሂ፣ አለቀልኝ» አለቻት።

ወይ ነዶ!

በማግሥቱ የተማሪዎች ምርቃት ዋዜማ ስለነበር፣ ሥርጉት ማኅተሙን ከዋናው በር አናት ላይ በትልቁ እንድትሥለው ታዛ ነበር። መሰላል ላይ ወጣች። ግንቡን ቀባች። በሩ ጋ ስትደርስ ቡናማውን ቀለም አነሳችና ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። መወርወሪያም ሣለችበት።

ዲኑ እየሮጠ መጣ። «ወይዘሮ ሥርጉት፣ ምን ነካዎት? ነገ እንግዶች ይመጣሉ እኮ! በሩን ማን ይዝጉ አለዎት?»

እስከዚያች ሰዓት አንቱ ትለው ነበር። «አንተ አይደለህ እንዴ የዘጋኸው? ሪሃና በብረቱ በር ስትገባ በዓይኔ ልይ፤ ያኔ ይኼን የሣልኩትን እከፍተዋለሁ። ቀለሙ እንደሆነ እጄ ላይ ነው!»

«ውረጂ!» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም!»

ሌላ ቀቢ ተጠራ። ከተማው ውስጥ ቀቢ ጠፍቶ! ሰውየው የተሣለውን በር በነጭ ቀለም ሲከፍት፣ የማታ ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ታቅፈው ከብረቱ በር ውጭ ቆመው ያዩት ነበር። ሥርጉትም አብራቸው ቆማለች፤ ጥበቃው እሷንም እንዳያስገባ ታዟል።